የተገለበጠ ቀይ

እንባዬን ያየ ሰው ሁሉ ያዘንኩ ይመስለዋል። ሐዘን አይደለም፤ ብርሃን ነው። እኔ ብሪሴይዳ፣ ቆዳዬም ፀጉሬም ነጭ ሆኖ የተወለድኩ፣ በፓናማ ደሴቶች ከሚኖረው የጉና ሕዝብ ነኝ። በደሴታችን እንደ እኔ ያለውን ሰው «ሲፑ» ይሉታል። ለሽርሽር የሚመጡት ደግሞ ሳያስፈቅዱ ፎቶ እያነሱ «የጨረቃ ልጅ» ይሉኛል። የጨረቃ ልጅ አይደለሁም። የኤርኔስቲና ልጅ ነኝ፤ ፓናማ ከተማ ተምሬ የተመለስኩ፣ ሥራ ያለኝ ሴት ነኝ።

ያንን ሥራ ግን ለመነጠቅ አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ ነበር።

ሴቶቻችን ጨርቅ በጨርቅ ላይ ደርበው፣ ቆርጠውና ሰፍተው ደረታቸው ላይ የሚለብሱትን ሞላ የሚሸጡበት ማኅበር አላቸው። የእያንዳንዱን ሞላ ፎቶ ታብሌት ላይ መመዝገብና ከከተማ ገዢዎች ጋር መጻጻፍ የእኔ ድርሻ ነው። ሰብሳቢዋ እማማ ኔሊዳ ቦታውን የሰጡኝ ሌላ የተማረ ስላጡ ብቻ ነው፤ ይህንንም አልደበቁኝም።

«ሦስት ወር እናይሻለን» አሉኝ። «ዓይንሽ ካልቻለ ለእህቴ ልጅ ነው የምሰጠው።»

ኔትወርክ የሚገኘው ጀልባ መጠጊያው ጫፍ ላይ፣ ጥላ በሌለበት ቦታ ነው። አንድ ረፋድ ላይ እዚያ ጥቁር ጃንጥላ ደፍቼ፣ አፍንጫዬን የታብሌቱ መስታወት ላይ ለጥፌ የገዢ ደብዳቤ አነብ ነበር። ነጩ ስክሪን ዓይኔ ውስጥ እንደ ሎሚ ውኃ ይገባል።

«ምን ምን ይላል?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

«ምኑ?»

«ደብዳቤው። እያሸተትሽው እኮ ነው።»

«አንተ ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ትላለህ። ሂድ ታጠብ!»

ሳቀ፤ አልሄደም። «አቲሊዮ እባላለሁ። ጀልባ እነዳለሁ፣ ስልክም እጠግናለሁ። እስኪ አምጪው።»

«አልተበላሸም።»

«እሱማ ደህና ነው። አንቺን ግን እያበላሸሽ ነው።»

እጁን በሸሚዙ ጠረገና አጠገቤ ተቀመጠ። ቅንብሩን ከፍቶ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ። ነጩ ገጽ ድንገት ጠቆረ፤ ጥቁሩ ፊደል ፈዛዛ ቢጫ ሆነ። ብርሃኑን ደግሞ ዝቅ አደረገው።

አነበብኩ። አንገቴን ሳልደፋ፣ ሳላነባ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ስማር ማንም ይህን አላሳየኝም! አሥራ ሁለት ዓመት «ወደ ፊት ቅረቢ» ብቻ። ከደስታዬ ይልቅ ንዴቴ ቀደመ።

«ምነው ተቆጣሽ?»

«በአንተ አይደለም።»

«እሱስ ጥሩ ነው» አለ። «እናቴ ግን ቁጡ ናት ብላኝ ነበር።»

«እናትህ ማን ናት?»

«ኔሊዳ።»

ጃንጥላዬን አጥፌ ልነሳ አልኩ። እሱ ግን ዝም ብሎ አየኝ። ዓይኔ ስለሚርገበገብ ብዙ ሰው የማየው አይመስለውም፤ እያናገረኝ ፊቱን ያዞራል። አቲሊዮ አላዞረም። ዓይኔ ቆም ብሎ እስኪይዘው ድረስ ሳይንቀሳቀስ ጠበቀኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባሕር ሲመለስ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል። ማታ ዓይን የሚያደክመውን ሰማያዊ ብርሃን መቀነስ፣ ፊደል ማወፈር፣ ሦስቴ ነክቶ ቀለሙን መገልበጥና መመለስ፣ ሁሉንም አስተማረኝ።

«ለጽሑፍ ገልብጪው» ይለኝ ነበር፤ «ለፎቶ መልሺው። አለበለዚያ ቀዩ ውኃ ሰማያዊ፣ ውኃ ሰማያዊው ቀይ ሆኖ ነው የሚታይሽ።»

«ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«ሕፃንማ አትሳደብም።»

ያሰብነውን ነገር ግን አንዳችንም በአፋችን አላወጣነውም። በእኛ ዘንድ ወንድ ሲያገባ ወደ ሚስቱ ቤት ነው የሚገባው። እማማ ኔሊዳ ደግሞ ያላቸው አንድ ልጅ፣ ያላቸው አንድ ጀልባ ነው። ያንን ለሲፑ አሳልፈው እንደማይሰጡ ሁለታችንም እናውቃለን።

በሁለተኛው ወር አንድ ሆቴል መደባቸው ቀይ የሆነ ሃያ ሞላዎች አዘዘ። ሞላዎቹ በየቁጥራቸው ተጠቅልለው እማማ ኔሊዳ ቤት ነበሩ፤ እኔ ከፎቶው ቁጥራቸውን መርጬ ጻፍኩ፣ ጥቅሎቹም ሳይፈቱ ተላኩ። የዚያን ዕለት ደብዳቤና ፎቶ እያፈራረቅኩ ሃምሳ ጊዜ ገልብጬ፣ ሃምሳ ጊዜ መልሼ ነበር። የሰው ፊት ቢገለበጥ ወዲያው ያስደነግጣል። ሞላ ግን ተገልብጦም ሞላ ነው፤ ስክሪኑን ሞልቶ ሲታይ ያው እንደ ወትሮው ደማቅ ነው። ሃያውንም የመረጥኩት ሳልመልሰው ነበር።

ሳጥኑ ከከተማ ተመልሶ መጣ። ሃያ ውኃ ሰማያዊ ሞላ።

እማማ ኔሊዳ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ቁና ቁና እየተነፈሱ ቆሙ። «በዚያ ባጠቆረችው ስክሪን ቀለም ልትመርጥልን! አላልኳችሁም? እሑድ ጉባኤው ፊት አቀርበዋለሁ፤ ሥራው ለሚያይ ሰው ይሰጥ!» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄንም ተይልኝ።»

ስክሪኑን ስለማጥቆሬ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወደ መጠጊያው እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ለእናትህ ነገርካት!»

«ነገርኳት» አለ አቲሊዮ፤ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። «እንደዚያ አድርጋ ከሁላችንም ፈጥና ታነባለች አልኳት። ኮርቼብሽ ነበር።»

«ማን ኩራ አለህ?»

ገመዱን እንደያዘ ቀረ። እኔም ጀርባዬን ሰጠሁት።

ሁለት ቀን አልተያየንም። ቅዳሜ ቀትር ላይ በራችን ላይ ቆመ። አልገባም፤ እጁን ዘርግቶ «ታብሌቱን» አለ ብቻ። ሰጠሁት። ሲመልስልኝ ገጹ ጥቁር፣ ፊደሉ ቢጫ ነው፤ ፎቶዎቹ ግን እንደተነሱ ናቸው። ጽሑፉን ብቻ የሚገለብጥ፣ ፎቶ የማይነካ ሌላ ምርጫ ነበረው። ሁለት ቀን ሙሉ በራሱ ስልክ ሲፈልገው ከርሟል።

«ነገ እነሳና ጥፋቱ የእኔ ነው እላቸዋለሁ» አለ። «መጀመሪያ ይህንን ማሳየት ነበረብኝ።»

«እንዳታደርገው!»

«ለምን? ያድንሻል።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ከወሰድክብኝ ሥራውንም አብረህ ትወስድብኛለህ።»

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ግን ፊት ለፊት እቀመጣለሁ።»

እሑድ ጠዋት የጉባኤው ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ሳይላው፣ የደሴቲቱ አለቃ፣ መሀል ላይ ከተሰቀለው ተንጠልጣይ አልጋቸው ሆነው እማማ ኔሊዳን አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሃያውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ተሳስቻለሁ። ሳጥኑ ተመላልሶ የፈጀውን ከድርሻዬ ቀንሱ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አምና አንድ ጀልባ አለት ላይ ወጥቶ ተሰብሯል። ነጂው ጥቁር ዓይን ነበረው። ጥቁር ዓይን ያለው ከእንግዲህ ጀልባ አይንዳ ያለ ሰው አለ?»

ከኋላ በኩል ሳቅ ተሰማ። አቲሊዮ አንገቱን ደፋ፤ ነጂው እሱ ነበር።

«ስህተቴን ቅጡት፤ ዓይኔን አትክሰሱት! እዚሁ ፈትኑኝ።»

ሴቶቹ ሠላሳ ሞላ አምጥተው እንዳላያቸው ከጀርባዬ ዘረጉ። ቁጥር እየጠሩ ቀለም ጠየቁኝ፤ ቀለም እየጠሩ ቁጥር ጠየቁኝ። ፎቶውን ታብሌቱ ላይ እየፈለግኩ፣ እየነካሁ መለስኩ። አንዷን «ብርቱካናማ ናት» ስል ሁለት ሴቶች «ቀይ ናት!» ብለው ጮኹ፤ ሰፊዋ ራሷ ተነስታ «ብርቱካናማ ናት፤ እኔ አይደለሁ የሰፋኋት?» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

«ከእንግዲህ» አልኩ፣ «ከፎቶው ሥር ሰፊዋ የቀለሙን ስም በራሷ ቃል ትናገር፣ እኔም እጽፋለሁ። ያኔ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ብንሳሳት ቃሏ ያርመናል።»

ሳይላው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ድምፅ ለመስጠት እጅ ወጣ። ሥራው እኔው ዘንድ ቀረ።

እማማ ኔሊዳ እጃቸውን አላወጡም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ግን ወደ እኔ መጡና የራሳቸውን ሞላ ታብሌቱ አጠገብ ጣል አደረጉ።

«ጻፊ» አሉ ፊታቸውን ሳይፈቱ። «ጉንጫችንን የምንቀባው ዓይነት ቀይ። ዝም ብሎ ቀይ እንዳትዪ።»

ጻፍኩ።

ያን ቀን ከሰዓት አባቴን «አቲሊዮን እፈልጋለሁ» አልኩት። በእኛ ወግ ጥያቄው የሚነሳው ከሴቷ ቤት ነው። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«እናቱስ?»

«እኔ እችላታለሁ።»

«እሱንማ አየሁ» አለ።

በሳምንቱ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ አራት ጎረምሶች አቲሊዮን እጅና እግሩን ይዘው አመጡትና እኔ በተቀመጥኩበት ተንጠልጣይ አልጋ ላይ ወረወሩት። ወጉ እንዲህ ነው፤ ሙሽራው አልጋው ላይ ይወረወራል፣ ያመልጣል፣ ተይዞ ይመለሳል። ትከሻው ትከሻዬን ነካ። ቤንዚን ቤንዚን አይልም ነበር።

«ልሩጥ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሩጥ። ወጉን እንዳታበላሽብኝ።»

ዘሎ ተነሳ፤ ቤተሰቤ ጮኸ፣ ጎረምሶቹም ተከተሉት። በሩ ላይ ግን ድንገት ቆመ።

እማማ ኔሊዳ መግቢያው ላይ ቆመው ነበር። በአንድ እጃቸው የታጠፈ ልብሱን፣ በሌላው የጀልባውን ቁልፍ ይዘዋል።

«ወዴት?» አሉት። «የእኔ ቤት ተዘግቷል። ቤትህ ይሄ ነው፤ ግባ።»

ለእሳቸው የሚሆን መልስ ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ከርሜ ነበር፤ ረጅም፣ የማያዳግም መልስ። አንዱንም ቃል አልተጠቀምኩበትም። አልጋው ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩለት።