የዘገየው ሰይፍ

«አሁንም ዘገየሽ!» አሉ አዘጋጁ ኒሺዋኪ፣ ከጨለማው የተመልካች ወንበር ላይ ሆነው።

ቺሆ የእንጨት ሰይፏን ዝቅ አደረገች። ፊት ለፊቷ፣ ከብርሃን የተሠራችው አክስቷ ሱዙኖ ምቷን ጨርሳ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። እውነተኛዋ ሱዙኖ የከተማቸው የካናዛዋ በረዶ ሳይቀልጥ ሞታለች። ከመሞቷ በፊት ግን ሰውነቷ ላይ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ሴንሰር ለጣጥፋ፣ እዚሁ መድረክ ላይ የመጨረሻ የሰይፍ ዳንሷን አስቀርጻ ነበር። ነገ ማታ ቺሆ ሰው በሞላው አዳራሽ ፊት ከዚያ ምስል ጋር ትደንሳለች።

በሰይፍ ልምምድ ታላቅ ይሰነዝራል፤ ታናሽ ጠብቆ ይመልሳል፤ በመጨረሻ የሚሸነፈው ታላቁ ነው። «ቀድመሽኝ ከተነሳሽ ተማሪ ሳትሆኚ ትንኝ ነሽ» ትላት ነበር ሱዙኖ። ቺሆ ያንን ምት እየጠበቀች ነው ያደገችው። ይሄኛው ምት ግን ትንፋሽ ሳይወስድ ነው የሚመጣው።

«ኩራሞቶ፣ እሷ እኮ እንዲህ አትቸኩልም» አለች።

የምስል ባለሙያው ኩራሞቶ ከኮምፒውተሩ ጀርባ አንገቱን አከከ። «ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። በዋናው ቀረጻ ሰይፉን አንስታ... ትቆማለች። እጇም ይንቀጠቀጣል።»

«አሳየኝ።»

«ቺሆዬ፣ ይቅርብሽ።»

«አሳየኝ አልኩህ!»

ሱዙኖ እንደገና በራች። ሰይፏን አነሳች፤ ቆመች። የሰይፉ ጫፍ ተንቀጠቀጠ። ትከሻዋ አየር ፍለጋ ወጣ፣ ወረደ። የሰነዘረችው ከዚያ በኋላ ነው።

በቀረጻው ቀን ቺሆ ልምጣ ብላ ለምናት ነበር። «ጉንፋን ነው የያዘኝ፤ ይጋባብሻል። አርፈሽ ለፈተናሽ አጥኚ» አለቻት ሱዙኖ። ቺሆም አምናት አጠናች።

«ሰው ትኬት የገዛው በሽተኛ ሊያይ አይደለም» አሉ ኒሺዋኪ።

«እንግዲያው እሷን ሊያይ አይደለም የገዛው!» አለች ቺሆ። «እንደዚያ ደክሟት ነው የደነሰችልዎት። ድካሟን ለምን ይሰርቋታል? አፈሩባት?»

«አፍሽን ያዢ! ይህን የፈጠነውን አልደንስም ካልሽ፣ የሚደንስ ሌላ ልጅ አለኝ።» ስልካቸውን አንስተው እየተነጫነጩ ወጡ።

ቺሆ መድረኩ መሃል እንደቆመች ወደ ኩራሞቶ ዞረች።

«ያልተነካውን አንዴ ክፈትልኝ» አለች።

ሱዙኖ ሰይፏን አንስታ ቆመች። ቺሆ እንባዋን ሳትጠርግ ጠበቀቻት። ምቱ ሲመጣ መለሰችው፤ ሱዙኖም ተሸንፋ ሰይፏን ዝቅ አደረገች። ጎንበስ ብለው እጅ ተነሣሡ። ከዚያ ብርሃኑ ጠፋ።

ቺሆ ሰይፏን ከረጢቱ ውስጥ ከትታ አፉን አሰረችው።

«ነገስ?» አለ ኩራሞቶ በቀስታ።

«ነገ ትምህርት አለኝ፤ ማታውን ያ ሌላው ልጅ ይደንሰው» አለችና ጫማዋን ፍለጋ ጎንበስ አለች።