ሳንሰማ ያልነው አሜን

ይሄን ስጽፍ "ውሸት ነው" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ፤ ያልጣመው ይለፈው።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል ነበር።

አዎ፣ ቀን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አስፈሪ ነገር ጨለማ ጠብቆ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል።

ነርስ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ሆነን፣ ባሕር ተሻግረን፣ ወደ አንዲት የድንጋይ ከተማ ለአገልግሎት ሄድን። ሁለት ሳምንት ነጻ ሕክምና ሰጠን፣ ወንጌል ተናገርን። እኔ ደም ግፊት እለካለሁ፤ ታናሽ እህቴ ታካሚ ትመዘግባለች።

እህቴን ሁላችንም ጩጬ ነው የምንላት። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፣ ምላሷ ግን የአርባ ዓመት ሴት ነው። እኔን "እቴቴ" ትለኛለች፤ ስትናደድብኝ ደግሞ "ኮማንደር"።

እናታችን ጉልበቷን ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ስድስት ዓመቷ ነው። ስንነሳ እጄን ይዛ፣ "ይቺን ልጅ አደራ፤ ይዘሻት ሄደሽ ይዘሻት ነይ" አለችኝ። አደራ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ ደግሞ አደራ ከምበላ አፈር ብበላ እመርጣለሁ።

የመጨረሻው ቀን ለጉብኝት ነበር። ጩጬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀን የቆጠረችው ለእሱ ነው። "አገልግሎቱ ሰበብ፣ ሽርሽሩ ልብ" እያልኩ አበሽቃት ነበር።

ፓስተራችን ከባሕሩ በላይ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ጸሎት ቤት ካላየን ብለው ይዘውን ሄዱ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ሙቀቱን ሸሽቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል። መንገዱ ላይ ድመት እንኳን የለም።

ቁልፍ ያዥዋ ሴትዮ በሩ ላይ ጠበቀችን። ከፈተችልንና የሆነ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" አልኩት ሹፌራችንን። እዚያ አገር ብዙ ዓመት የኖረ የእኛው ሰው ነው፤ የሚያስተረጉምልን እሱ ነበር።

"ምድር ቤቱን እዩ፣ ፎቶም አንሱ... ግን እታች አትጸልዩ ነው የምትለው።"

ፓስተር ሳቁ። "ጸሎት ቤት ገብቶ አለመጸለይ? ወጥ ቤት ገብቶ እንደ መጾም ነው!"

ሁላችንም ሳቅን። ሴትዮዋ አልሳቀችም።

ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደው ደረጃ ጠባብ ነው፤ የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተራ በተራ ወረድን።

ታች ክብ ክፍል አለ። ዙሪያውን ከግድግዳው የተጠረቡ የድንጋይ ወንበሮች። ሌላ ምንም የለም። ቦታው ይቀዘቅዛል፤ ክንዴን ወረረኝ።

ጩጬ አንዱ ላይ ቁጭ አለችና ወዲያው ተነሳች።

"እቴቴ..."

"ምን?"

"ሞቋል።"

"ምኑ?"

"ወንበሩ። አሁን ሰው የተነሳበት ነው የሚመስለው።"

በእጄ ዳሰስኩት። እውነቷን ነው። የሚቀጥለውንም ዳሰስኩ... እሱም ሞቋል።

ለማንም አልተናገርኩም። ፓስተር "እንጸልይ" ብለው ነበርና።

እጅ ለእጅ ተያያዝን፤ ዓይናችንን ጨፈንን። በግራዬ ፓስተር፣ በቀኜ ጩጬ።

የፓስተራችን ጸሎት ረጅም ነው፤ ከአዳም ነው የሚጀምሩት። እውነቱን ልናገር? እኛ አንሰማቸውም። ትንፋሽ ሲወስዱ "አሜን" እንላለን። ድምፃቸው ከፍ ሲል "አሜን" እንላለን። እናንተም ጋ ይሄ ነገር አለ፤ አትካዱ።

"እንግዶቹ ስለመጡልን እናመሰግናለን።"

"አሜን።"

"በመካከላችን ስለቆሙ እናመሰግናለን።"

"አሜን።"

"ትንሿን ትተውልን ስለሚሄዱ እናመሰግናለን።"

"አሜን!"

እኔም ብያለሁ። ጮክ ብዬ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማው። ዓይኔን ስከፍት ፓስተር አፍጥጠው እያዩኝ ነው።

"ማነው ጸሎቱን የቀጠለው?" አሉ በሹክሹክታ።

"እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ... ቆየሁ እኮ ከጨረስኩ።"

ማንም ማንንም አልጠበቀም። ወደ ደረጃው ተጋፋን። መግቢያው ላይ የጩጬን እጅ ለቀቅኩ፤ ጎን ለጎን አያስወጣማ። ኮቴዋን ግን ከኋላዬ እሰማ ነበር... የመጨረሻው ደረጃ ድረስ።

ሌሎቹ ነፍሳቸው እንዲመለስ ነው መሰለኝ ባሕሩን ወደሚያሳየው አጥር ሄዱ። እኔ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ጩጬ ቀድማኝ ገብታለች። ባርኔጣዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀምጣለች።

"ውሃ ትጠጫለሽ?"

"እርስዎ ይቅደሙ" አለችኝ።

ሳቄ መጣ። "ኮማንደር ቀርቶ እርስዎ ሆንኩልሽ?"

ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም።

"ዞር በይ እስቲ።"

"ደህና ነኝ። እርስዎ አይጨነቁ።"

ድምፁ የእሷ ነው። ታናሽ እህቴ ግን ከተወለደች አክብራኝ አታውቅም!

እጇን አየሁ። ባለፈው ቀን ስትመዘግብ እስክሪብቶ ፈሶባት የቀኝ እጇ ጣቶች ሰማያዊ ሆነው ነበር፤ ሳሙናም አላስለቀቀውም። ጉልበቷ ላይ የተቀመጡት ጣቶች ንጹሕ ናቸው። ውሃ ውስጥ የዋለ እጅ እንደሚሆነው ነጥተው ተጨማደዋል።

ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ።

ሹፌሩን እየጎተትኩ ወደ ቁልፍ ያዥዋ ሮጥኩ፤ በሩን መልሳ ቆልፋዋለች። "ክፈችልኝ በላት! እህቴ ታች ናት!"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ መለሰች።

"ምን አለች?"

"የሰጣችኋት እናንተው ናችሁ፤ የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው አለች።"

"ነውረኛ ናት በላት። ስም አይገድለኝም። ቁልፉን!"

ቁልፉን ከእጇ ነጠቅኳት። አልታገለችኝም።

ወረድኩ።

ጩጬ አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ተጨፍኗል። እጆቿ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ አጠገቧ ማንም የለም፤ ጣቶቿ ግን የሰው እጅ እንደያዙ ታጥፈዋል። የቀኝ እጇ ጣቶች ሰማያዊ ናቸው።

"ጩጬ!"

አልሰማችኝም።

ያ ድምፅ ጀመረ። ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

"የእናታቸው ጉልበት ስለሚድን እናመሰግናለን።"

ከዚያ ዝም አለ... የእኔን ቃል ይጠብቃል።

ይሄን ጸሎት ስድስት ዓመት ጸልየዋለሁ። "አሜን" አፌ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ምላሴን ነከስኩት፤ ደም ደም አለኝ።

"አይሆንም" አልኩ።

"እናታቸው በእግሯ ተነስታ በር ስለምትከፍት እናመሰግናለን።"

አለቀስኩ። አላፍርበትም፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

"አይሆንም! እናቴን ፈጣሪዬ ያድናታል፤ ካላዳናትም አዝያት እኖራለሁ። ከእናንተ ግን ምንም አልቀበልም! ቅድም አሜን ያልኩት ሳልሰማ ነው። አሁን ሰምቼ ነው የምናገረው... አይሆንም!"

ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

"አይሆንም..."

ጩጬ ነበረች። ዓይኗን ሳትገልጥ ደገመችው፤ "አይሆንም አልኳችሁ!" ይቺ እህቴ ናት!

ወገቧን ይዤ ጎተትኳት። ከግራም ከቀኝም የሚስባት ነበር፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ ነው የተላቀቁት። ደረጃው ላይ እሷን አስቀደምኩ። ከኋላችን የሚሆነውን ዞሬ አላየሁም።

ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሟል። ሲያየን ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ልጅቷ... አሁን ተከትላሽ ወረደች እኮ። በእኔ አጠገብ ነው ያለፈችው። ደረጃው ላይ አልተላለፋችሁም?"

"ንዳ" አልኩት።

ሌሎቹን ጠርተን ተሳፈርን። ፓስተር ፊታቸው አመድ መስሏል። "ልጸልይ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ይጸልዩ። አጭር ይሁን፤ ዓይናችንም አይጨፈን። ቃል በቃል እንሰማዎታለን።"

ጸለዩ። ሰማናቸው። ያልነው አሜን ከልባችን ነበር።

መኪናው ወደ ከተማው መሐል ወረደ።

ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

ቅድም ድመት ያልነበረበት መንገድ ዳርና ዳሩ ሰው ሞልቶታል። ሽማግሌ፣ አሮጊት፣ ልጅ ያዘለች ሴት። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። ከንፈራቸው እኩል ይንቀሳቀሳል... ድምፅ ግን የለውም።

"አታቁም!" አልኩት።

ጩጬ እጄን ጨብጣ መስኮቷን አወረደች። እንዳልከለክላት ቀደመችኝ።

"አይሆንም!" አለቻቸው። "እምቢ! ሰምታችኋል? እምቢ!"

እኔም አብሬያት ጮህኩ። ድምፃችን እስኪዘጋ ጮህን።

አንዳቸውም ዓይናቸውን አልገለጡም። ግን በእህቴ መስኮት ትክክል የቆሙት ሁለቱ፣ የተያያዘ እጃቸውን ላላ አድርገው ለቀቁና ወደ እሷ ዘረጉ። መሐላቸው አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ተከፈተ። ስናልፋቸው ተዘጋ። የሚቀጥሉት ሁለቱም ለቀቁ... ዘረጉ... ተዘጋ። ከእነሱ ቀጥሎ ያሉትም... እስከ ከተማው መጨረሻ ድረስ።