ዘጠኙ የሰሜን መንገድ ድምፆች

ኢርማ ድርክሰን ሃያ ሰባት ዓመት በሆዷ የያዘችው ቂም አንድ ቁጥር ነበር፤ ዘጠኝ።

የቶርቫልድ የምርጫ ክልል ከጥንት የብርቱካኖቹ ፓርቲ ነበር። አያት ብርቱካን፣ ልጅ ብርቱካን፣ ፈረሱም ቢጠየቅ ብርቱካን ነው የሚለው። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ግን በስድስት ድምፅ ተሸነፉ። ያኔ የመንደሩ አዳራሽ የምርጫ ጣቢያ ነበር፤ መዝገቡ ሁለት መቶ ሃያ አንድ ሰው መረጠ ሲል፣ ከኮሮጆው የወጣው ወረቀት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ዘጠኝ ጎደለ። የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ የኢርማ አባት ያኮብ ነበር። ማስረጃ ስላልተገኘበት አልታሰረም። መንደሩ ግን ስም አወጣለት፤ «ያኮብ ዘጠኙ»። ሁለት ክረምት እንኳ ሳይዘልቅ ሞተ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ልብ መሆኑን ኢርማም አልካደችም።

ከዚያ ወዲህ ክልሉ የሰማያዊዎቹ ሆነ። አሁን እንጨት ቢያቆሙ እንጨቱ ይመረጣል። ኢርማም ፖሊስ ሆና አገር ለአገር ስትዞር ኖራ በሳጅንነት ወደ ቶርቫልድ ተመለሰች። ጡረታዋ ስምንት ወር ቀርቶታል፤ ጉልበቷ ግን ከእሷ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

የዘንድሮው ምርጫ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የአዳራሹ ጠባቂ ቬርና ደወለች።

«ኢርማ፣ መምህር ኤይናር ምድር ቤት ወድቀዋል። አይተነፍሱም።»

የመኸር እራት ቀን ነበር። የቱርክ ዶሮው ምድጃ ውስጥ ነው፤ መንደሩ በሙሉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል። ኢርማ እንደማንኛውም ሰው ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲዋ ገባች። ቬርና በወለወለችው ወለል ላይ ንጉሥም ቢሆን በቦት አይገባም።

ሽማግሌው ደረጃው ግርጌ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ከጠዋት ጀምሮ የውሃ መሳቢያው ተበላሽቶ ምድር ቤቱ ሁለት ጣት ውሃ ይዟል። የኋላ ጭንቅላታቸው ተሰብሯል። የኮታቸው የደረት ኪስ ደግሞ ተገልብጦ ወጥቷል።

«ከሞተ በኋላ ኪሱን የሚገለብጥ ሰው አላየሁም» አለች ኢርማ ለራሷ።

መምህር ኤይናር የክልሉን የመቶ ዓመት የምርጫ ታሪክ እየጻፉ ነበር። ማስታወሻ ደብተራቸው ከዚያ ኪስ እንደማይለይ አገር ያውቃል። አሁን የለም። ከሱሪያቸው ኪስ ግን አንድ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ወጣ፤ በእርሳስ የተሰመረ ጠማማ መስመር፣ በመስመሩ ዳር ዘጠኝ ትንንሽ ቤቶች፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር። ጠመዝማዛውን ኢርማ ወዲያው አወቀችው። የሰሜን መንገድ ነው።

ከተማ ላሉት የነፍስ ግድያ መርማሪዎች ደወለች። መንገዱ በረዶ ስለሆነ ከመምሸቱ በፊት አንደርስም አሏት። እሷም ሥራዋን ጀመረች።

ከሟቹ ሌላ ከጠዋት ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ቬርናን ጠየቀች።

«በኮምጣጤ የተነከረ ዱባ ላመጣ ስወርድ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ጮህኩና ተመለስኩ። ውሃው ውስጥ አልገባሁም።»

«ከአንቺ በፊት ማን ወረደ?»

«እኔ ድንች ስልጥ ዓለም ብትገለበጥም አላይም።» የቤት ጫማዋ ደረቅ ነው። ድንገት በኢርማ ትከሻ ላይ አሻግራ ከጓዳ በወጣው ሰው ላይ ጮኸች፦ «ዴልበርት! በጉልበቴ ተንበርክኬ የወለወልኩትን በቦት ትረግጣለህ? ጎተራ መሰለህ?»

«እግሬ በረደኝ፣ ሴትዮ! ሰው ሞቶ አንቺ ስለ ወለል ታወሪያለሽ?»

ሁለተኛው ሎርን ባርትኮ፣ የሰማያዊዎቹ የመንደር ሊቀመንበር፣ ጠረጴዛ ይደረድር ነበር። በወፍራም የሱፍ ካልሲው ላይ የእንጨት ብናኝ ተጣብቋል።

«ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቃችኋል አሉ።»

«‹እንጨት ቢያቆሙ ይመረጣል› የሚለውን ቀልድ መጽሐፉ ውስጥ አስገቡት። እኔ እኮ ሁለቴ ተወዳዳሪ አቁሜያለሁ! እንጨት አይደሉም፤ ትንሽ ዝም ይላሉ እንጂ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተናድጄ ነበር፣ ኢርማ። ግን ለቀልድ ሰው አልገድልም።»

ሦስተኛው ዴልበርት ክሮፕ ነው። ድሮ የእህል ጎተራ ኃላፊ፣ ዕድሜ ልኩን ብርቱካን፣ የአባቷ የልብ ወዳጅ። በዚያ ምርጫ ቀን ከያኮብ ጎን ተቀምጦ መዝገቡን የጻፈው እሱ ነበር። አባቷን የቀበሩ ዕለት ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት ውስጥም ነበረበት።

«አጎቴ ዴልበርት፣ ምድር ቤት ወርደሃል?»

«በዚህ ጉልበት? ከቀትር ጀምሬ ጓዳ ሆኜ ሥጋ እየቆረጥኩ ነው።» ዓይኑን ጠረገ። «ኤይናር ሰማያዊዎቹ ኮሮጆውን እንዴት እንደገለበጡት ሊጽፍ ነበር። ሎርንን አጥብቀሽ ጠይቂው፣ ልጄ። ለአባትሽ ስትይ።»

ኢርማ አዳራሹን በአንድ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ አስጠብቃ ወደ ቤቷ ነዳች። አባቷ ትቶላት የሄደውን የመዝገቡን ቅጂ ከመሳቢያ አወጣች። ሺህ ጊዜ ቆጥራዋለች፤ ስሞቹን ግን ተራ በተራ አንብባ አታውቅም። አሁን የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ስሞች ከሥዕሉ ጋር አስተያየች። ከዘጠኙ በሕይወት ያለችው አንዲት ብቻ ነበረች። መዝገቡን ይዛ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሄደች።

አግነስ ቲሰን ዘጠና ሦስት ዓመቷ ነው። መስኮት ዳር ተቀምጣለች።

«አክስቴ አግነስ፣ ያን ቀን መርጠሽ ነበር?»

«ለመርማሪዎቹ አዎ ብያለሁ።»

«ለእኔስ?»

አሮጊቷ ጣቷን እያፍተለተለች ተናገረች። «ከሰዓት በኋላ በረዶው መንገዱን ደፈነው። ላሞቹን ካለብን በኋላ እንሄዳለን ብለን ነበር። አልሄድንም። በትራክተር መጣን ብዬ ዋሸሁ። አልመረጥኩም ማለት እዚህ አገር እንዴት ይባላል? ቤተ ክርስቲያን የቀረ ይቅር ይባላል፤ ምርጫ የቀረ ግን የማን ልጅ ነው ይባላል።»

«አባቴ ሌባ ሲባል ሰማሽ አይደል?»

«ሌሎቹ ስምንቱ ሄደዋል፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት ብዬ ነበር። በእኔ አንድ ውሸት ዘጠኝ ይጎድላል ብዬ አላሰብኩም።» አንገቷን ደፋች። «ሐሙስ ዕለት ለመምህሩ ነገርኳቸው። ቀለል ሲለኝ አፈርኩ።»

ኢርማ ብትቆጣ ደስ ባላት ነበር። ነገር ግን ደክሟት ነበር። የአሮጊቷን ብርድ ልብስ አስተካክላላት ወጣች።

ስትመለስ ለእራት የመጡት ሰዎች ቦት ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው በካልሲያቸው ይንሾካሾካሉ። ቬርና፣ «ወደ ቤታቸው ልመልሳቸው?» አለቻት።

«ይቀመጡ። አባቴ የተሰደበው ብቻውን አይደለም፤ በሁላችሁ ፊት ነው።»

የቱርክ ዶሮው በጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል። ኢርማ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘች።

«ይህን የሣሉት መምህር ኤይናር ናቸው። የሰሜን መንገድ ነው። ከጅረቱ ብትነሱ የመጀመሪያው ቤት የማን ነበር?»

«የቲሰኖች» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ቀጥሎ?»

«የፍሪሰን፣ ከዚያ የሉንድ...»

«ይኸው መዝገቡ። ከሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው እስከ መጨረሻው፤ ቲሰን፣ ፍሪሰን፣ ሉንድ... ዘጠኙም እንደ ቤታቸው ተራ። ሰው ሊመርጥ ሲመጣ እንደ ደብዳቤ አዳይ በቤት ተራ ይሰለፋል? ያን ቀን ያ መንገድ በበረዶ ተዘግቶ ነበር። አንዳቸውም አልመጡም። አግነስ ዛሬ ነግራኛለች። ወረቀት አልተሰረቀም፤ ስም ነው የተጨመረው።»

ኢርማ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መዝገብ ጸሐፊው በሐሳቡ መንገዱን እየነዳ ዘጠኝ ስም ጻፈ። ዘጠኝ ባዶ የድምፅ መስጫ ወረቀትም ቀደደ፤ ለራሱ ሰዎች ምልክት አድርጎ ኮሮጆው ውስጥ ሊከት። ግን አልከተተም። ለምን አልከተትክም፣ አጎቴ ዴልበርት?»

«ኧረ አንቺ ልጅ! እኔ አባትሽን...»

«እሺ፣ ይህን ተወው። ቦትህን አውልቅ።»

«ምን?»

«ከሦስታችሁ የቬርናን ወለል በቦት የረገጥክ አንተ ብቻ ነህ። ምድር ቤቱ ውሃ ነው። ደብተሩን ከሟቹ ኪስ ያወጣ ሰው ውሃው ውስጥ ቆሟል፤ በካልሲ። አውልቅ።»

ዴልበርት ዙሪያውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቦቱን ሳበ። እግሩ ባዶ ነበር፤ ከውሃ ብዛት ተጨማዶ ነጥቷል። ኢርማ መስቀያው ላይ ካለው ካፖርቱ ኪስ የረጠበውን ካልሲ አወጣችና የቱርክ ዶሮው አጠገብ አስቀመጠችው። ደብተሩም እዚያው ኪስ ውስጥ ነበር።

«ያኮብ ከኮሮጆው ዓይኑን አልነቀለም» አለ ዴልበርት በቀስታ። «ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት እንኳ አልሄደም፣ ያ ግትር! አንዴ ዞር ቢልልኝ እናሸንፍ ነበር። ወረቀቶቹን ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል እሱ ሞተ። ዛሬ ደግሞ ኤይናር ደረጃው ላይ ይዞኝ ‹እራት ላይ ተነሥተህ ራስህ ተናገር› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው ብዬ አልነበረም፣ ኢርማ።»

«ኪሱን ስትፈትሽ ግን አልተጣደፍክም።»

የከተማው መርማሪዎች መጥተው ወሰዱት። ሰዉ አንድ በአንድ ቦቱን አጥልቆ ወጣ። ይቅርታ ያለ የለም። ሎርን ብቻ ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ፣ «ታዲያ ያኔ ያሸነፍነው በሐቅ ነው ማለት ነው?» አለ፤ ራሱም አፍሮ ሄደ። ሰኞ ምርጫው ተደረገ። ሰማያዊዎቹ አሸነፉ።

ክረምቱ መካከል የመምህሩን መጽሐፍ የሚያሳትመው ኮሚቴ ስለ ዘጠኙ የሚናገረውን ምዕራፍ ሊያስቀረው ፈለገ። «የሞቱ ሰዎችን ውሸታም ከምንል» አሉ፣ «ማስረጃው የአንዲት አሮጊትና የአንድ ነፍሰ ገዳይ ቃል ነው።» ኢርማ አልተከራከረችም። የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ አንድ ወረቀት ጻፈች፦ «ወላጄ በዚያ ቀን አልመረጠም።» አግነስ ‹ወላጄ› የሚለውን ሰርዛ ስለ ራሷ መጀመሪያ ፈረመች። ኢርማ ከዚያ የሌሎቹን የስምንቱን ሟቾች ልጆች ለማግኘት በር ለበር ዞረች። አንዷ አለቀሰች። አንዱ በውሻ አስፈራራት። በአምስት ሳምንት ስምንት ፊርማ ሞላ።

የመጨረሻው ሮልፍ ሉንድ ነበር። በሩን ዘጋባት። ሞተሩን አጥፍታ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ከሁለት ሰዓት በኋላ አካፋ ይዞ ወጣና የመኪናዋን መስኮት አንኳኳ።

«አባቴ መርጫለሁ እያለ ነው የሞተው፣ ኢርማ።»

«አባቴም ዘጠኙ እየተባለ ነው የሞተው፣ ሮልፍ።»

በረዶውን አየ፣ መንገዱን አየ። ከዚያ አካፋውን ተክሎ የእጅ ሹራቡን አወለቀ።

«ብዕር አለሽ?» አላት።