ያልሰማሁትን «ሰማሁ» ያልኩበት ምሽት

የመናፍስት ወሬ ሲነሳ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ከክፍሉ ከሚወጡት ሰዎች አንዷ ነኝ፣ አላምንበትም፣ ተከራክሬ ሰው ማስቀየም ደግሞ አልወድም። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ነው፣ ድምፅ ካለ ምንጭ አለው፣ ምንጩ ካልተገኘ በደንብ አልተፈለገም ማለት ነው፣ በቃ። ዛሬም እንዲህ ማሰብ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

የምሠራው ትሮይቪል በሚባል የከተማው ሠፈር፣ አሮጌ ሬዲዮ በሚጠገንበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ኡም ሄኒ ይባላሉ፣ «ኡም» በቋንቋቸው አጎቴ እንደማለት ነው፣ ሰማንያን ያለፉ፣ በወጣትነታቸው ደቡብ ዋልታ በረዶ ላይ የሬዲዮ ኦፕሬተር የነበሩ ሰው ናቸው። ወንድሜ ታሪኩ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሠፈር ስፓዛ አለው፣ ዳቦና ሲጋራ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ፣ እዚያው ከኋላዋ ይተኛል። ከሆሳዕና ተከታትለን ነው የመጣነው፣ እዚህ አገር ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም።

በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ የብረት በሩን ሲቆልፍ አንድ ሚስድ ኮል ያደርግልኛል፣ «ዘጋሁ፣ ደህና ነኝ» ማለት ነው፣ እኔም አንድ እመልስለታለሁ፣ «ሰማሁ» ማለት ነው። ከሱቁ አጠገብ የነበረው የአገራችን ልጅ የተገደለ ሰሞን የጀመርነው ነገር ነው። ይህን ለኡም ሄኒ ስነግራቸው ሳቁ፣ «እናንተም በረዶ ላይ ናችኋ!» አሉኝ።

እዚያ እንዲህ ነበር አሉ። ከሠፈሩ ርቀው በውሻ ጋሪ የሚሄዱት ሰዎች ትንሽ ሬዲዮ ይይዛሉ፣ በየምሽቱ በተቀጠረ ሰዓት በሞርስ ይመታሉ፣ ሠፈር ያለው ሰው መልእክቱን ጽፎ ሲጨርስ አንዲት ፊደል ይመልሳል፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ «ተቀብያለሁ»። ያኔ እነዚያ ባትሪያቸውን ለመቆጠብ ይዘጋሉ፣ ይሄዳሉ። «አንድ ጊዜ፣ ከእኔ በፊት፣» አሉ ኡም ሄኒ፣ «እንቅልፍ የጣለው ኦፕሬተር መልእክቱን ሳይሰማ ተቀብያለሁ አለ። ሰዎቹ እርዳታ ይመጣል ብለው ድንኳናቸው ውስጥ ጠበቁ። ልጄ፣ ያልሰማሽውን ሰማሁ አትበይ።»

ይህን ሲሉኝ ወደ እኔ አይተው ነበር፣ ጠባዬን ያውቁታላ። ምን እንደተባልኩ ሳይገባኝ፣ «ምን አሉ?» ብሎ መጠየቅ አፍሬ፣ «እሺ» የምል ሰው ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ የሄድኩ ቀን በመስታወቱ ቀዳዳ የነገሩኝን ሳልሰማ «እሺ» ብዬ ወጥቼ፣ ባልተቀጠርኩበት ቀን ሄጄ ስሰለፍ ውያለሁ።

ያቺ ሬዲዮ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ከእንጨት የተሠራች ሣጥን ናት፣ በቆርቆሮ የተለበጠች፣ አምፖል የሚመስሉ ትልልቅ ቫልቮች ያሏት፣ የጆሮ ማዳመጫዋና የሞርስ መምቻዋ አብረዋት ያሉ። ከኡም ሄኒም ዕድሜ ትበልጣለች፣ ከበረዶው የተረፈች ናት፣ አጽድተን ቅዳሜ ለሚመጣ ገዢ ልናስረክብ ነው። የባትሪ ቦታዋ ባዶ ነው፣ ለእሷ የሚሆን ባትሪ ዛሬ የሚሠራ ያለም አይመስለኝም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ባዶ ነው።

ሰኞ የሚቧጭር ድምፅ ሰማሁ፣ የጣሪያ አይጥ መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ የሬዲዮዋ የጣቢያ መፈለጊያ መስታወት ከውስጥ ጉም ለብሶ አገኘሁት፣ ወለወልኩት፣ ከውጭ ቢሆን ይጠፋ ነበር፣ ከውስጥ ስለሆነ አልጠፋም። ረቡዕ ኡም ሄኒ ሐኪም ጋ ሄደው ብቻዬን ነበርኩ፣ ጎዳናው ላይ ታክሲዎቹ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፣ ገና ብርሃን ነው፣ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ገመዱ ተበጥሶ እንደሆነ ልይ ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። እመኑኝ፣ በረዶ ነበር። ከጆሮዬ ጋር የተጣበቀ መሰለኝ።

ከዚያ የሆነ ሰው ሞርስ መታ። ቀስ ብሎ፣ በደከመ እጅ፣ እያረፈ። ከሞርስ የማውቀው ሦስት አራት ፊደል ነው፣ አንዱንም አልያዝኩም። ሲጨርስ ዝም አለ፣ ዝምታው ግን መልስ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነበር፣ የቢሮ መስኮት ፊት ቆማችሁ ሁሉም ወደ እናንተ ሲያይ እንዳለው ያለ። አፈርኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል፣ ከመፍራቴ በፊት አፈርኩ፣ እጄም መምቻው ላይ ሄደ፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር።

በማዳመጫው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ዘጋ።

ሰዓቱን ሳይ አሥራ ሁለት ከአሥር ይላል። የታሪኩ ሚስድ ኮል አልመጣም። ሩብ ሆነ፣ ግማሽ ሆነ፣ አልመጣም። ስልክ ማውራት የምፈራው እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። በአሥራ ሁለተኛው አነሳ።

«ማሂ፣ ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ፣ ደህና ነኝ!» ትንፋሹ ይቆራረጣል። «አንቺ ነሽ ያዳንሽኝ። ጌታ ነው ያስደወለሽ።»

«እኔ መቼ ደወልኩ?»

«ሚስድ ኮል አደረግሽ'ኮ! ገና ሳልዘጋ። ይቺ ኢንጂነር ዛሬ ምን ነካት ብዬ መልሼ ልደውል ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ ለማውራት የሚሆን ኔትወርክ ያለው የውኃ ታንከሩ ጋ ብቻ ነው። ዳቦ ላስገባ የበሩን ፍርግርግ ከፍቼው ነበር። ዘራፊዎች ሁለት ሆነው ገቡ። መሣሪያ ይዘዋል። ሰው ሲያጡ ሲጋራውን ጠራርገው ሄዱ።»

«ታሪኩ፣ እኔ አልደወልኩም።»

«በይ ተይ። የጥሪውን ፎቶ ልላክልሽ?»

ላከልኝ። የእኔ ቁጥር ነው፣ አሥራ ሁለት ከአሥር። የእኔ ስልክ ላይ ግን በዚያ ሰዓት የወጣ ጥሪ የለም፣ ስልኬም ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬም በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

በማግሥቱ ለኡም ሄኒ ነገርኳቸው። አልሳቁም። «ምን ነበር መልእክቱ?» ብቻ አሉኝ።

«አልያዝኩትም።»

«ተቀብያለሁ ብለሽ?»

«ብዬ።»

ለገዢው ደውለው ሽያጩ ቀርቷል አሉት።

ወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ምስክርነቱን ሰጥቷል፣ እኔም አብሬው ቆሜ አመስግኛለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን አንድ ሰው የሆነ ቦታ የተሰማ መስሎት እየጠበቀ እንደሆነስ? በየምሽቱ በዚያ ሰዓት ማዳመጫውን አደርጋለሁ፣ ሞርሱንም ሌሊት ሌሊት አጥንቼ ጨርሻለሁ፣ ምንም አይመታም። የተጣበቀው ጆሮዬ አሁንም በደንብ አይሞቅም።

ትናንት ማታ የታሪኩ ጥሪ በሰዓቱ መጣ፣ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ወዲያው ደወልኩለት።

«ሦስት ጊዜ ነው እንዴ ያደረግከው?»

«አንዴ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ሻርፕ፣ ደህና ነኝ፣ ዘግቻለሁ፣ ምነው?»

ምንም አልኩት። ታሪኩ ሞርስ አያውቅም። የስልኬ መንቀጥቀጥ «ተቀብያለሁ» ነበር የሚለው፣ እኔ ግን ለማንም ምንም አልላክሁም።