የትናንቱ ካርድ

ቁጥር አርባ አንድ ካዝና ጠዋት ተከፍቶ ተገኘ። መቆለፊያው አልተሰበረም። በውስጡ የነበረው የማደጎ መዝገብ አልጠፋም፤ ሆኖም ክሩ ተፈትቶ በሌላ እጅ እንደገና ታስሯል።

ካዝናውን የሚከፍተው ካርድ አንድ ነው፤ እሱም ከመዝገብ ያዧ አንገት አይለይም። መርማሪው እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ሰው ካላገኘ፣ የሠላሳ ዓመት አገልግሎቷ በእስር ሊደመደም ነው።

«የሰው ምስጢር ስጠብቅ አረጀሁ፤ የራሴ የምለው እንኳ የለኝም፣ ልጄ» አለችው።

«ካርዱን ለማን ሰጡ?»

«ለማንም። ቢሰርቁኝስ ምን ያደርግላቸዋል? የካርድ ማሽኑ በየማለዳው አዲስ ይሰጠኛል፤ አሮጌው አይሠራም፤ እዚያ ቅርጫት ውስጥ እጥለዋለሁ።»

መርማሪው ከቅርጫቱ የትናንቱን ካርድ አነሣ። ወደ ካዝናው አስጠጋው።

ተከፈተ።

ያለፈውን ሳምንት ካርድ ሞከረ። እሱም ከፈተ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የማሽኑ ባለሙያ ተጠራ፤ ዓይኑን ከወለሉ የማያነሣ የአርባ ዓመት ሰው።

«የካርዱ ቁልፍ ከየት ይመጣል?»

«ከዕጣ ነው። ከርነል የምንለው የማሽኑ ስርዓት እምብርት ማንም የማይገምተውን ነገር ይለቅማል። ለምሳሌ ሰው ሲጽፍ ከአንዱ ፊደል እስከ ሌላው ጣቱ ስንት ሽርፍራፊ ሴኮንድ እንደዘገየ። ያንን አደባልቆ ዕጣውን ያወጣል።»

«የዚህ ማሽን የፊደል ገበታ፣ ኪቦርዱ፣ የታለ?»

ሰውየው ወደ ባዶው መሰኪያ ጠቆመ።

«ማን ነቀለው?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«በየማለዳው ካስቀመጥሁት አንድ ቅጂ እንደ አዲስ እንዲነሣ አደረግሁት፤ ስለዚህ ትናንትን አያስታውስም። የሚለቅመውም የለውም። እስኪለቅም እንዳይጠብቅም አዘዝሁት። በየቀኑ ያንኑ ዕጣ ያወጣል። ከዚያ ከቅርጫቱ አንድ ካርድ አነሣሁ።»

«ምን ፈልገህ?»

«መንታ ነበርን። እናታችን ሁለታችንን ለማሳደግ አቅም አጣችና ወንድሜን ለማደጎ ሰጠች። ‹ዕጣ ጣልሁ፤ አንተ ደረስኸኝ› ትለኝ ነበር። ይህን ሙያ የመረጥሁት ለዚያ ይመስለኛል፤ የማያዳላ ዕጣ ለመሥራት። እኔን የመሰለ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ግን መንገዴን ትቼ እከተለዋለሁ።»

«አድራሻውን አገኘህ?»

«አድራሻ የለም። መዝገቡ ውስጥ የእናቴ ጽሑፍ ነው ያለው። ዕጣ አልጣለችም። ‹ይኼኛው ከእቅፌ ካወረድሁት ያለቅሳል። ያኛው ዝም ብሎ ይተኛል፤ እሱን ውሰዱልኝ› ይላል።»



«ምናለ ለእኔ ብትነግረኝ?» አለች መዝገብ ያዧ።

«አይፈቀድም ይሉኝ ነበር፣ እትዬ።»

«እል ነበር» አለች።

ከመወሰዱ በፊት ጥፋቱን እንዲያርም ታዘዘ። ቅጂውን ሰረዘ፤ ትእዛዙን ሻረ፤ የፊደል ገበታውን ሰካና መጻፍ ጀመረ። አንዳንዴ ይቸኩላል፤ አንዳንዴ ጣቱ አየር ላይ ይቀራል። ደብዳቤ ይመስል ነበር። ማሽኑ ቃላቱን አላነበበም፤ በመካከላቸው የነበረውን ዝምታ ብቻ ለቀመ።

አዲሱ ካርድ ወጣ። መዝገብ ያዧ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው፤ ከዚያም የትናንቱን ወደ ካዝናው አስጠጋች።

አልተከፈተም።