ቀድሞ የቀለጠው ዱቄት

ዱቄቱ ከሚገባው ሙቀት በፊት ቀለጠ። የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ ደነገጠች። በሌላ ቀጭን ብልቃጥ ደገመችው። ያው ነው።

ዱቄቱን ያመጣላት በመድኃኒት ፋብሪካው «ዝምተኛው» የሚሉት የማቀዝቀዣ ጋኑ ሠራተኛ ነበር፤ ጋኑን በቀዝቃዛ ውሃ እያበረደ የተሟሟውን መድኃኒት ዱቄት ሆኖ እንዲረጋ ያደርጋል። ናሙና ሊያስረክብ በመጣ ቁጥር መስኮቷ ላይ ቆም ይል ጀመር፤ እሷም የሚጠየቅ ነገር እየፈለገች ታቆየው ጀመር። አሁን ሊያገባት ቆርጧል፤ የቀረው ያሳደጋትን ታላቅ ወንድሟን መጠየቅ ነው። ወንድሟ ደግሞ የምርት ኃላፊው፣ የዝምተኛው አለቃ ነው።

ቀድሞ ከተመረተውም ከአዲሱም ዱቄት አንዳንድ ፍሬ ወስዳ አንድ ፈሳሽ ውስጥ ጣለች። የቀድሞው ሰመጠ፤ አዲሱ ተንሳፈፈ።

«ያው መድኃኒት አይደለም እንዴ?» አላት ዝምተኛው፣ ከጀርባዋ መጥቶ።

«ያው ነው፤ የተለየው አደራደሩ ነው። ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው ሲደረደሩ ፍሬው ይከብዳል፣ ለመቅለጥም የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። እነዚህ ግን በጥድፊያ ስለረጉ መሀላቸው ክፍተት አለ። መጋዘን ሲቆዩ አደራደራቸው ይለወጣል፤ ያኔ ክኒኑ በሽተኛው ሆድ ውስጥ እንደታሰበው አይሟሟም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማቀዝቀዣውን አፍጥነኸዋል?»

መሬት መሬቱን አየ። «ናሙናው ፈተናውን ወድቋል ብለሽ ጻፊ።»

«ባንተ ይሳበባል እኮ።»

«ይሳበብ።»

ዐይኑን ሲያሸሽባት ገባት። ያለ ትእዛዝ ውሃ የማይለቅ ሰው ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ብትናገር ወንድሟን፣ ዝም ብትል ዝምተኛውን ልታጣ ነው።

ወንድሟ ቢሮ ስትገባ ወሬው ቀድሟታል።

«ያ ዝምተኛ ዛሬውኑ ይሰናበታል» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ጋሼ፣ አፍጥነው ያለው ማነው?»

እስክሪብቶው ቆመ። «አሳድጌሽ ልትከሺኝ መጣሽ?»

«እንደ አባት ነው ያሳደግከኝ። እሱ ግን እስካሁን ስምህን አላነሳም። ላገባው ነው፣ ጋሼ። ቤትህ ይዤው ስመጣ ዐይኑን ማየት እንድትችል ነው የመጣሁት።»

ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ የወንድሟን ኮቴ ስትሰማ ግድግዳውን ተደገፈች። አለፋትና ወደ ጋኑ ክፍል ገባ።

«ውሃውን አፍጥን ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ለሠራተኞቹ ሲናገር በሩ ላይ ሆና ሰማችው። «እሱ አይሆንም ብሎኝ ነበር። ዱቄቱ ሁሉ እንደገና ይሟሟና ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ።» ከዚያ ወደ ዝምተኛው ዞረ። «እሁድ ቤት ና። የምትነግረኝ አለህ አሉ።»

ኃላፊው ሲወጣ ዝምተኛው ወደ እሷ መጣ።

«እምቢ ቢለኝስ?»

«ና ያለህ እሱ አይደል?»

«ሰው ለእምቢታም ይጠራል።»

እሷም ይህንኑ ስትፈራ ነበር። ሰው ያየኛል ሳትል እጁን ያዘችው።