ከመንገዱ ማዶ

«አይተሽኛል! ፊት ለፊት አይተሽኛል!»

ቀጮ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ትጮኻለች። እሷና ልዕልት ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው፤ ልዕልት ግን እንዲህ ስትጮኽ ሰምታት አታውቅም። የክፍሉ ልጆች ግማሾቹ በሩ ላይ፣ ግማሾቹ ዴስክ ላይ ቆመው ያያሉ።

«ትናንት እናቴን ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ብቻዬን ቆሜ አለቅሳለሁ። አንቺ ከመንገዱ ማዶ መጣሽ። በሁለት እጄ እያውለበለብኩ ጠራሁሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝና መንገድሽን ቀጠልሽ!»

«አላየሁሽም» አለች ልዕልት። እውነቷን ነበር፤ ግን ለራሷ ጆሮ እንኳ ውሸት መሰላት።

«አቦ ተይኝ! ከዛሬ ጀምሮ ሰላም እንዳትዪኝ። ለነገሩ ድሮስ መቼ ሰላም ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ልጆቹ «ኡኡኡ!» አሉ። ልዕልት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ልዕልት ስሟ አይደለም። አባቷ በያጅ ናቸው፤ ቤታቸውም ቤተ መንግሥት ሳይሆን ሁለት ክፍል ነው። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፣ «ሰላም ሲሏት አትመልስም፣ ኩራቷ ለብቻው!» ብለው። እሷ ደግሞ የራሷ ቅሬታ ነበራት። የትምህርት ቤቱን ግቢ ስታቋርጥ ማንም ፈገግ ብሎላት አያውቅም። አጠገቧ ካልደረሱ በቀር የሰዎቹ ፊት ሁሉ ዝም ያለ ነው። አይወዱኝም አለች በሆዷ፣ እኔም አልለማመጣቸውም። አንገቷን ቀና አድርጋ ማለፍ የጀመረችው ያኔ ነው። ሁልጊዜ ቀርባ፣ ክንዷን ይዛ የምታወራት ቀጮ ብቻ ነበረች። አሁን ደግሞ እሷም ሄደች።

ቅዳሜ እንደ ልማዷ አክስቷ ላውንደሪ ቤት ሄደች። አክስቷ ተኩሰው ይቀልዳሉ፣ ቀልደው ይተኩሳሉ። የካውያው እንፋሎት መነጽራቸውን ሲያለብሰው አውልቀው ባንኮው ላይ አስቀመጡትና ማንጠልጠያ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ። ልዕልት ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቅ አማራት። መነጽሩን ጠራርጋ አደረገች፤ እጇን ወገቧ ላይ ጣለች፤ ልክ እንደ አክስቷም አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ፦

«ይሄ ሸሚዝ ነው ወይስ የመኪና መወልወያ?» አለችና ወደ በሩ ዞረች።

ከዚያ እጇን ከወገቧ ላይ አወረደች።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ዛፍ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይታዩ ነበር። ዛፍ ቅጠል እንዳለው ማን አጣው? ግን ከዚህ ቆማ እንዲህ አይታው አታውቅም። ገና ዛፉን አይታ ሳትጨርስ፣ ከዛፉ ሥር ያሉት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናቸው ላይ ቀና አሉ። ወደ እሷ አይተው ጥርሳቸው እስኪታይ ፈገግ አሉና እጃቸውን አነሡ። ልዕልት ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ማንም የለም።

«አክስቴ፣ ሰውዬው ይስቁብኛል» አለች።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ልብስ ሰፊው።»

«ምን ይስቁብሻል፣ ሰላም እያሉሽ ነዋ!» አሉ አክስቷ ከጓዳ። «ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰላም ይሉሻል። አንቺ ዝም ስትያቸው የማፍረው እኔ። እንዲያውም ባለፈው ‹ልጅቷን ምን በድያት ነው?› ብለው ጠየቁኝ።»

«ሁልጊዜ ነው ሰላም የሚሉኝ?»

የድምፅዋ ነገር አክስቷን ከጓዳ አወጣቸው። መጀመሪያ መነጽሩን አዩ፣ ቀጥሎ ፊቷን። መነጽሩን ቀስ ብለው ከፊቷ ላይ አነሡት።

«እስቲ ያንን ታፔላ አንብቢልኝ።»

«የቱን?»

«የቱን ትላለች እንዴ! ከሰውዬው ራስ በላይ ያለውን፣ በር የሚያህል ፊደል!»

ልዕልት ዓይኗን ጨፈን ጨፈን አደረገች። አረንጓዴ ነገር አለ። ፊደል ግን የለም።

«ወይ ጉዴ!» አክስቷ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። «ኮራች፣ ኮራች ስንል ለካ ዓይኗ ነው! አንቺ ልጅ፣ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ ልናገር? ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያይ መስሎኝ!»

አክስቷ ሳቁ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ እንደገና ሳቁ። ልዕልትም አብራ ሳቀች። ለካ ሰዎቹ ፈገግ ይሉ ነበር! ለካ አልጠሏትም! ደረቷ ላይ ለዓመት ተጭኖ የከረመ ነገር የተነሣላት ያህል ቀለላት። የዚያኑ ዕለት ዓይኗን አስመረመሯት፤ መነጽሩ ሰኞ፣ ቀጮ ከትምህርት ቤት በቀረችበት ቀን፣ ደረሰ።

ማክሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱን በር ስትገባ ንግግሯን በቃሏ አጥንታለች። «ቀጮ፣ ሐሙስ ዕለት ያላየሁሽ ዓይኔ...» የሚል። ገና ከበሩ ሳትርቅ አንዱ የክፍሏ ልጅ «ፕሮፌሰር ልዕልት!» ብሎ ጮኸ። ድሮ ቢሆን አንገቷን አቅንታ ታልፈው ነበር። አሁን ግን ፊቱ ታያት፤ ጨዋታ እንጂ ክፋት የለበትም። «አቤት ተማሪዬ!» አለችው። ልጁ ደንግጦ ቆመ፤ ቀጥሎ በሳቅ ፈረሰ።

ቀጮን ከግቢው ጫፍ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አየቻት። ዩኒፎርሟ አልተተኮሰም። ዓይኖቿ አብጠዋል። ልዕልት አጠገቧ ስትደርስ ስለ መነጽር ማውራት አሳፈራት፤ ያጠናችውን ሁሉ ዋጠችው።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«ትርፍ አንጀት ነበር። ትናንት ወደ ቤት መጣች።»

«እሰይ! ተመስገን!»

«ምንድነው ደግሞ ይሄ ፊትሽ ላይ ያለው?»

ነገረቻት። ስለ ዛፉ፣ ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ታፔላው።

«ሙድ አትያዢብኝ» አለች ቀጮ። መነጽሩን ከፊቷ ላይ ነጥቃ እስከ ውኃ ቧንቧው ድረስ ሮጠችና ጣቶቿን አወጣች። «ስንት ነው?»

«መጀመሪያ አንቺ ራስሽ የት እንዳለሽ ንገሪኝ!»

ቀጮ ሳታስበው ሳቀች። እየሳቀች ተመለሰች፤ መነጽሩን ስትሰጣት ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፋ።

«እሺ፣ ሐሙስ አላየሽኝም። አምኛለሁ። ዓርብ ግን ነገርኩሽ፣ እናቴ ሆስፒታል ናት ብዬ። ቅዳሜ አልመጣሽም። እሁድ አልመጣሽም። ለእሱም መነጽር ያስፈልጋል?»

ልዕልት መነጽሩን ዓይኗ ላይ አስቀመጠች።

«ፈራሁ» አለች። «ሰላም እንዳትዪኝ አልሽኝ። ብመጣ የምታባርሪኝ መሰለኝ።»

«አባርርሽ ነበር። ቢሆንም መምጣት ነበረብሽ።» ቀጮ ጫማዋን አየች። «እናቴ እኮ ‹ያቺ ልጅ ምነው ቀረች?› እያለች ስትጠይቀኝ ከረመች።»

«ምን አልሻቸው?»

«ጉንፋን ይዟታል፣ እንዳይጋባብሽ ብላ ነው አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ? ጓደኛዬ ረሳችሽ ልበላት? ደግሞ እኮ በጣም ተናድጄብሽ ነው!»

ልዕልት ልትመልስላት ፈለገች፤ እንባዋ ቀደማት። ሦስት ቀን ሙሉ «ጠላችኝ» ስትል የከረመችው ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ስሟን ስትጠብቅላት ከርማለች። መነጽር አድርጎ ማልቀስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያን ጊዜ አወቀች። ቀጮ «በይ ተይ፣ ሰው ያያል» እያለች ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት፤ እሷም ግን ዓይኗ ረጥቧል።

ደወሉ ተደወለ።

«ከትምህርት በኋላ አብሬሽ እመጣለሁ» አለች ልዕልት።

«እሺ። ጉንፋኑ ለቀቃት እላታለሁ።»

«አትበያቸው። ስለ ዓይኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ፈርቼ መቅረቴንም እነግራቸዋለሁ።»

«ትቆጣሻለች እኮ! እናቴን አታውቂያትም እንዴ?»

«ይቆጡኝ» አለችና መነጽሯን በሸሚዟ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አደረገች።